የቀራፂው ሰርኩላር

የፖሊሲ ጥናት ተቋም ኑሮው መልስ ማቅረብ ነው። መንግሥት ይጠይቃል፣ ተቋሙ ያጠናል፣ ወፍራም ሪፖርት ይወጣል። ታዲያ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቀራፂ ምን ይሠራል?

ፌዝ ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1971 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም «አርት ኤንድ ቴክኖሎጂ» ባለው ፕሮግራም የምሩን ሞክሮታል። የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ የሚቀርፀው ጆን ቻምበርሊን ሳንታ ሞኒካ ወደሚገኘው ራንድ ኮርፖሬሽን ተላከ፤ ለአሜሪካ አየር ኃይል የኑክሌር ጦርነትን ሲያሰላ ወደኖረው ቤት።

ቢሮ ተሰጠው። የሕንፃው ስልኮች ለአንድ ቀን ይዘጉ ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ ማን ሰምቶት! ኋላ ለሠራተኛው ሁሉ ሰርኩላር በተነ፦ የምፈልገው መልስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፣ ያላችሁን ጻፉልኝ የሚል። የምን መልስ እንደሆነ አልገለጸም። አንድ ሚሳኤል ስንት ሕዝብ እንደሚፈጅ ሳይደነግጡ የሚያሰሉ ሰዎች በዚህች ቁራጭ ወረቀት ደማቸው ፈላ። ከተመለሰለት ውስጥ ስድቡ ቀላል አልነበረም።

በዚያው ፕሮግራም ሌላው አርቲስት ጄምስ ሊ ባያርስ ኸርማን ካን ወደመሠረተው ሌላ የፖሊሲ ጥናት ተቋም፣ ሃድሰን ኢንስቲትዩት፣ ገባ። የእሱ ልመና ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ መልሱ ይቅርብኝና መቶ ምርጥ ጥያቄ ስጡኝ አለ።

ሁለቱም አንድ ፖሊሲ እንኳ አላስቀየሩም፤ የቬትናም ጦርነትም በእነሱ አልቆመም። ትርፉ ግን ሌላ ይመስለኛል። አጥኚ ጥያቄውን የሚቀበለው ከከፋዩ እጅ ነው። ጥያቄው ከጅምሩ ጠማማ ከሆነ፣ ጥናቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ መድረሻው ገደል ነው። የቻምበርሊን ወረቀት ያስቆጣችው ከፋይ ስለሌላት ይሆናል፤ ከፋይ ያላዘዘውን ሲጠየቁ ሊቃውንቱ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

ድሮ በጌቶች ግብር ላይ የሚዘፍን አዝማሪም እንዲሁ ነበር፤ ሌላው አንገቱን ሲደፋ እሱ ጌታውን በግጥም ሸንቆጥ ያደርግ ነበር። ይሁንና የሚበላው ከዚያው ግብር ነበር፤ ሲጠግብ ወደ ውዳሴ ማዘንበሉ አይቀርም ነበር። የፖሊሲ ቤት እንግዳም ከዚህ ፈተና አያመልጥም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው አርቲስት አበሉን ከመጠየቁ በፊት፣ የማይጥም ወረቀት ብበትን ቢሮዬ ይነጠቃል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ተቋሙ የፈለገው ለኮሪደሩ ጌጥ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ ተከራክሮ ሥራውን ይሽጥለትና ይሂድ። መሸጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ ጌጥ ሆኖ አማካሪ ነኝ ማለቱ ነው።