ጫካው ስንት ፎቅ አለው?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ስለ ሐረግና ስለ ወፍ ስጽፍ «ይሄ ልጅ ዲፓርትመንት ተሳስቷል» እንዳትሉኝ። ነገሩ የዜናም ጉዳይ ነው።

እኔ የቦንጋ ልጅ ነኝ። የከፋን ጫካ ከመኪና መስኮት ያየ ሁሉ «ሲያምር!» ብሎ ያልፋል። ውስጡ ሲገቡ ግን እንደ ፎቅ ቤት ነው። ከላይ እንደ ቀረሮ ያሉ ግዙፍ ዛፎች፣ ቀጥሎ መካከለኞቹ፣ ከዚያ ቡናው፣ መሬቱ ላይ ኮረሪማው። ሐረጉ ከፎቅ ፎቅ እንደ ደረጃ ይወጣል። ጉሬዛው ከላይ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ለሚኖር ወፍ ግን ጣሪያው ምንም አያደርግለትም።

ሮበርት ማክአርተርና ወንድሙ ጆን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ የወፍ ዓይነት የሚበዛው በዕፅዋቱ ዓይነት ብዛት ሳይሆን ቅጠሉ በተለያየ ከፍታ በመደራረቡ መሆኑን አሳይተዋል። የባሕር ዳርቻ ዐለትም እንደዚሁ ነው፤ ስንጥቅና ጉድጓድ ያለበት ከለስላሳው ይልቅ ብዙ ዓይነት ፍጡር ያስጠልላል።

ታዲያ እኛ ጋ ምን እየሆነ ነው? ሳይነካ የሚለቀም የጫካ ቡና ምርቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ገበሬው ሥሩን በገጀራ ይመነጥራል፣ ሐረጉን ይቆርጣል፣ ጥላ ያበዛውን ዛፍ ይቀንሳል። ቡናው ይጨምራል፤ መካከለኞቹ ፎቆች ግን ባዶ ይቀራሉ። አጎቴን ብጠይቀው «የኔ ልጅ፣ ደብተርሽን የገዛው ቡናው ነው እንጂ ሐረጉ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን አጎቴ ቀፎም ይሰቅላል። ለነጭ ማሩ የሚመካበት ጌተም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው መሬት ላይ ሳይሆን በሌላ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰዳል። የሚሸከመው ዛፍ ከተቆረጠ የነገው ጌተም የት ይበቅላል?

የከፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። ዜናችን ግን እስካሁን ሄክታር ብቻ ነው የሚቆጥረው። የተመነጠረ የቡና ጫካም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው እኮ! ሄክታር ጣሪያውን እንጂ ፎቁን አይቆጥርም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ሐረጉን ልተወው። የሚቀንስብኝን ቡና ማን ይከፍለኛል?» አለ። መልስ ያለው ኃላፊ ሳገኝ ቃለ መጠይቁን ለዚሁ ቡለቲን አቀርባለሁ።