ፓስታ በሙዝ፣ ነገሌ ቦረና

«አባዬ፣ ሙዙን ምን ላድርገው?» አለችኝ የአሥር ዓመቷ ልጄ። ሳህኗ ላይ የፍየል ሥጋ ያለበት ፓስታ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ ተቀምጧል። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ያለነው ነገሌ ቦረና፣ አራት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥተናል። ዋደራን ካለፍን በኋላ ደኑ ቀርቶ ግራር፣ ቀይ አፈርና ግመል ሆነ።

ፓስታ በሙዝ የሶማሌዎች አበላል ነው። ፓስታውን ጣልያን ትቶላቸው ሄደ፤ ከሙዝ ጋር መጉረሱ ግን የራሳቸው ነው። ነገሌ ያደረሰውም ነጋዴና ሹፌር ይመስለኛል እንጂ፣ በጥር 1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የግራዚያኒ ጦር አይመስለኝም።

ባለቤቷ መጥታ ሙዙን ላጠችና «በእጅሽ ቆርሰሽ ከፓስታው ጋር ጉረሺ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ቤት «በሹካ ብዪ!» እያልኩ የምቆጣት እኔው ነኝ። ምን ልበል? እጄን ታጥቤ ተከተልኳት። የሥጋውን ቅባትና የበርበሬውን ማቃጠል ሙዙ ቀለል ያደርገዋል፤ ሳላስበው ሳህኔ ባዶ ሆነ።

ከምግቡ በፊት የቀረበልን ግን አንድ ጆግ ውሃ ነበር። አባቴን ያስታወሰኝም እሱ ነው።

አባቴ እዚህ ወታደር ነበር። በጥር 1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ምግቡም ቢሆን የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን አሰሩ። ጃንሆይ የላኳቸውን ጄኔራል ደግሞ ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ከወር በኋላ አገሩ ሁሉ ተነሳ። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም ነበር። ቤታችን ግን እንግዳ ሲመጣ ውሃ ሳይቀርብለት ወሬ አይጀመርም።

ይህን አሳጥሬ ለልጄ ነገርኳት።

«ለጄኔራሉ ሙዝ ሰጧቸው?»

«ኧረ የት አግኝተው!»

«አያቴም እዚህ ተጠምቶ ነበር?»

«አዎ፣ እዚሁ።»

ጆጉን ትንሽ አየችው። ከዚያ ብርጭቆዋን እስከ አፉ ሞልታ ጠጣችና የእኔንም ሞላችልኝ።