የቪትዟ የኋላ ሞላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክረምቱ ሲወጣ መኪናዋ በግራ በኩል ዘመም ብላለች። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቆምኳት፤ የጎማዎቹን ንፋስ አስቀድሜ አስተካክያለሁ፤ በሜትር ለካሁ። ከመሬት መለካት አይረባም፤ ንፋስ የጎደለው ወይም ጥርሱ ያለቀ ጎማ ልኩን ያዛባዋል። ትክክለኛው ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ነው። የኋላ ቀኝ 36 ሴንቲ ሜትር፣ የኋላ ግራ 34። የፊቶቹ እኩል ናቸው።

ሁለት ሴንቲ ለዓይን ምንም አይደለችም። እናቴ ግን ወገቧን ያማታል። ኋላ ተቀምጣ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ከታች ብረት የተመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ እሷም በሩን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ቀስ ብዬ ብነዳም ያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለነገ አይባልም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችውን ቪትዝ በደንብ መያዝ ግድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው ሌላ ነው። አንዴ የሚገዛ ነገር አንዴ ተጣርቶ መገዛት አለበት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጋራዥ ዋልኩ። ጋሼ የምላቸው መካኒክ በክሪክ አንስተው በባትሪ አሳዩኝ። የግራው ሞላ ታችኛው ጫፍ ተሰብሯል፤ ግማሽ ዙር የሚሆነው ተለይቶ ማረፊያው ላይ ቀርቷል። ስብራቱን ቀርቤ አየሁት። አብዛኛው ዝጎ ጠቁሯል፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ የሚያበራ ንጹሕ ብረት አለ። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ የተረፈችው ክፍል ናት በቅርቡ የለቀቀችው።

«ጭቃው የሚተኛው እዚህ ነው» አሉ ጋሼ፣ የታችኛውን ማረፊያ በጣታቸው እየጠረጉ። ጠጠር ቀለሙን ይልጠዋል፤ የተላጠው ቦታ ይዝጋል፤ ዝገቱ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ይቆፍራል። ሞላ ሲጨመቅ ሽቦው የሚጠማዘዝ ስለሆነ፣ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር ያቺ ጉድጓድ እየሰፋች ስንጥቅ ትሆናለች። ሳይሰበር የሚደክምም አለ፤ ለዓመታት ብዙ የተጫነበት ሞላ ቁመቱን እየለቀቀ ይተኛል።

ረዳታቸው ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ለምን ጎማ አናስገባበትም? ወዲያው ብድግ ይላል» አለ። በዙሮቹ መካከል የሚሰካውን ወፍራም ጎማ ማለቱ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሰውየው እናት ነው የምንሠራው» አሉት።

እኔም ይህን ነገር ብዙ መኪና ላይ አይቼ ልቤን ሲያሳዝነው ኖሯል። ጎማው የገባበት ዙር ሥራ ያቆማል። ከስድስት የሚሠሩ ዙሮች አንዱ ከተያዘ የቀሩት አምስቱ ሸክሙን ይካፈሉታል፤ ሞላውም በ20 በመቶ ያህል ይደርቃል። መኪናው ብድግ ሲል ዓይን ይደሰታል፤ የቀሩት ዙሮች ግን ያልታሰበላቸውን ጭንቀት ይሸከማሉ። የተሰበረ ሞላ ላይ ማስገባትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። መበየድም እንደዚያው፤ የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልኩ ሞቆ በልኩ ቀዝቅዞ ስለሆነ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል።

ግራው ብቻ ይቀየር የሚለውንም ረዳቱ አንስቶ ነበር። አይሆንም። አዲስና ያረጀ ሞላ በአንድ አክስል ላይ ቁመታቸውም ምላሻቸውም ይለያያል፤ መኪናዋ በድንገተኛ ፍሬን ወይም በኩርባ ላይ በሁለት ጎን ሁለት ጠባይ ይኖራታል። ጥንድ ይገዛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሞላ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የመኪናዋን ሞዴል ጽፌ ይዤ ነበር፤ ኮፈኑ ሥር ባለችው የብረት ሰሌዳ ላይ ኬኤስፒ90 ይላል። ይህ የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር ሞተሩ ነው። ባለ 1.3ቱ ኤስሲፒ90፣ ባለ 1.5ቱ ኤንሲፒ91 ይባላል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም፤ አራቱም ጎማ የሚነዳበት ደግሞ ሌላ ነው። «የቪትዝ ሞላ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ የአንዱን ይዞ ይመለሳል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አንዱ ሱቅ ያገለገሉ ሞላዎች በጅማት ታስረው ተከምረዋል። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። «ይሄ ኦሪጅናል ነው አባቴ፣ ከመኪና የወረደ» አለኝ። ከመኪና መውረዱን አልተጠራጠርኩም። ጥያቄዬ ከየትኛው መኪና ወረደ፣ ስንት ዓመት ተሸከመ የሚለው ነው። ፋብሪካ ሞላ ላይ የክፍሉን መለያ የቀለም ነጥብ ያደርግበታል፤ በእነዚህ ላይ ቀለሙ ለቋል። ሁለቱን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ሳቆማቸው አንደኛው አጠረ። እኩል ቢሆኑም እንኳ ቁመት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ቁመታቸው አንድ ሆኖ ጥንካሬያቸው የሚለያይ ሞላዎች አሉ።

ሌላ ሱቅ አዲስ አገኘሁ፤ ሁለት ዓይነት። ሻጩ ወፈር ያለውን መርጦ ሰጠኝ። «ይሄ አይተኛም፤ የፈለግከውን ጫንበት» አለ። በካሊፐር ለካሁ፤ አንዱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 11። የዙሮቹ ብዛትና ስፋት ተመሳሳይ ነው። የአንዲት ሚሊ ሜትር ነገር ትልቅ መሆኑን ያወቅኩት የሞላን ስሌት ከተማርኩ ወዲህ ነው፤ ጥንካሬው የሚያድገው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው። 10 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 10,000፣ 11 ደግሞ 14,641። ስለዚህ ወፍራሙ በ46 በመቶ ይበረታል።

ዛሬ ሳልገዛ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከቅዳሴ መልስ ነገሩን በወረቀት ላይ አወጣሁት። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ ቀላል ነው፤ ሸክም እጥፍ ሲሆን የሞላው መጨመቅም እጥፍ ይሆናል። 50 ኪሎ ሲጨመርበት 2 ሴንቲ የሚወርድ ሞላ 100 ኪሎ ሲጨመርበት 4 ሴንቲ ይወርዳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህች መኪና በአብዛኛው ምን ትሸከማለች የሚለው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔን ብቻ። ቅዳሜና እሑድ እናቴንና እህቴን። በዓመት ጥቂት ጊዜ ጤፍ።

በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚመጣው ጤፍ ብዬ የ11 ሚሊ ሜትሩን ብገዛ፣ በቀሩት ቀናት ሁሉ ባዶዋን የምትዘል መኪና እነዳለሁ። ሞላ ሸክም ይይዛል፤ ሲወርድና ሲወጣ እንዳይወዛወዝ የሚያደርገው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ሁለቱ አብረው ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ሞላው በግማሽ ያህል ሲበረታ ሾኩ አይችለውም፤ ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። ሞላው ያልዋጠው ምት በሻንሲውና በወንበሩ አልፎ የተቀመጠው ሰው ወገብ ላይ ያርፋል።

ስለ መንገዳችን የሚያነሱ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ጉድጓዱ ብዙ ነው፣ መኪናው ከፍ ቢል ይመረጣል ይላሉ። ግን ለጉድጓድ የሚያስፈልገው ወርዶ የሚመለስ ሞላ ነው። የሚደርቅ ሞላ ጉድጓዱን ሙሉውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከተማ ውስጥ ያለ ጭነት ለሚውል ቪትዝ ፋብሪካው ያወጣው ልክ ይበቃል። ሁልጊዜ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ የሚሠራ ሰው ሌላ ስሌት አለው፤ እሱ ጠንከር ያለ ሞላ ከነሾኩ ቢመርጥ ምክንያት አለው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላም ነገር አለ። ኋላው የተኛ መኪና ፊቱ ቀና ስለሚል መብራቱ ወደ ላይ ይተኩሳል። ማታ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የሚያሳውሩት ሁሉ ረጅም መብራት ያበሩ አይደሉም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የሞላውን መለያ ቁጥር ተከትዬ አገኘሁት። የቶዮታ የኋላ ሞላ ቁጥር በ48231 ይጀምራል፣ የፊቱ በ48131፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት አሃዞች ናቸው የየትኛው ሞተርና ሞዴል እንደሆነ የሚለዩት። ነጋዴው ሙሉውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ አሳየኝ፤ ከሰሌዳዬ ጋር አመሳከርን። ጥንዱን ገዛሁ። ከላይ የሚቀመጡትን ጎማዎችም አብሬ ወሰድኩ፤ አሮጌ ጎማ ላይ አዲስ ሞላ ማስቀመጥ ድምፁ እንዲመለስ መጋበዝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ገጠምን። በዚህ ሞዴል የኋላው ሞላ ከሾኩ ተለይቶ ለብቻው ስለሚቀመጥ ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። መኪናዋ በድጋፍ ላይ ቆመች፣ የሾኮቹ የታች ቡሎኖች ተፈቱ፣ አክስሉ በክሪክ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሞላው በእጅ ወጣ። ጋሼ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር ዓይናቸውን ከእሱ አላነሱም። የፊት እግር ግን ሌላ ነው። እዚያ ሞላው ሾኩ ላይ ተጨምቆ ስለሚኖር መጭመቂያ መሣሪያ ሳይኖር የላዩን ዳዶ የሚፈታ ሰው ራሱን ለሞት ያጋልጣል። በሽቦና በገመድ አስረው የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

የሞላው ጫፍ ማረፊያው ላይ ካለችው እርከን ጋር መግጠሙን ሁለቴ አየን። ሾኮቹ ደረቅ ናቸው፣ ዘይት አላፈሰሱም፣ ቀሩ። የመጨረሻውን ማጥበቂያ ጋሼ መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው ያደረጉት፤ አየር ላይ ሳለች ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራልና ቶሎ ይቀደዳል። ልኩ፦ ቀኝ 37፣ ግራ 37።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ቢሾፍቱ ደርሰን መጣን፤ በአሮጌው መንገድ፣ በዱከም። አዲሶቹ ሞላዎች ቦታቸውን ይዘው ባዶዋን 36.5 ላይ ረግተዋል፣ ሁለቱም። አንድ ኩንታል የአድአ ማኛ በሁለት ከረጢት ከፍለን ጫንን፤ ከኋላ በር ይልቅ ወደ ወንበሩ አስጠግተን። እህቴ ኋላ፣ እናቴ ፊት። ተጭና ስለካት 33.5 ሆነች፤ ከመምቻው ጎማ ጋር ገና ሰፊ ክፍተት አለ። እናቴ ዱከምን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማታ ጎረቤቴ መጣ። የእሱም ቪትዝ ኋላዋ ተኝቷል፤ የገዛሁበትን ሱቅ ሊጠይቀኝ ነው። ኮፈኑን አስከፈትኩትና ሰሌዳውን አነበብን፤ ኤስሲፒ90። ከዚያም ላይ ሜትር ታክሲ ይሠራባታል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ። የእኔን ሞላ አትግዛ አልኩት፤ ቁጥሩን ጻፍኩለት። ሰኞ አብረን እንወርዳለን፤ ካሊፐሩን እኔ እይዛለሁ።