የጠላት አገር በረኛ

እግር ኳስ የሚወዱ ወዳጆቼ የበርት ትራውትማን ስም በተነሣ ቁጥር ስለ ተሰበረው አንገቱ ብቻ ያወሩልኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። በ1956 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ የዋንጫ ፍጻሜ ማንችስተር ሲቲ ከበርሚንግሃም ሲቲ ሲጋጠም፣ ጨዋታው ሊያልቅ 17 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ትራውትማን በአጥቂው እግር ሥር ለኳስ ሲወድቅ አንገቱን ተመታ። በዚያ ዘመን የተጎዳን ተጫዋች መለወጥ አይፈቀድም ነበርና ራሱን እያዞረው እስከ መጨረሻው ግቡን ጠበቀ። ቡድኑም 3 ለ 1 አሸነፈ። አጥንቱ መሰበሩ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው።

እኔ ግን ይህን ሰው የምወደው በሌላ ነገር ነው። ትራውትማን በ1923 በብሬመን የተወለደ ጀርመናዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሂትለር ወታደር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ በእንግሊዞች ተማረከ። በረኛ የሆነውም በምርኮኞች ሠፈር፣ አንድ ቀን ተጎድቶ ከበረኛው ጋር ቦታ በመለዋወጡ ነው። (በእኛም ሠፈር በረኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያጣው ልጅ ነው።) ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲፈቀድለት እዚያው እንግሊዝ ቀረ።

በ1949 ማንችስተር ሲቲ ባስፈረመው ጊዜ ከተማው ታወከ፤ 20,000 ያህል ሰው አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። በነዚያ ሰዎች አልፈርድም፤ ቤቱ በጀርመን ቦምብ የፈረሰበት፣ ልጁ በጦር ሜዳ የቀረበት ብዙ ነበርና። በዚህ መካከል አሌክሳንደር አልትማን የተባሉ የከተማው አይሁድ ረቢ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። እሳቸው ራሳቸው ከጀርመን የተሰደዱ፣ ወላጆቻቸውን ናዚዎች የገደሉባቸው ሰው ናቸው። ጀርመናዊን ለመጥላት ከሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነበረ? ዳሩ ግን አንድ ሰው ስለ አገሩ ኃጢአት መቀጣት የለበትም ብለው ተከራከሩለት።

ትራውትማን በአፉ ብዙ አልመለሰም። በ1950 ለንደን ውስጥ ከፉልሃም ጋር በተጫወቱ ጊዜ ተመልካቹ ሲሰድበው ዋለ። ቡድኑ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ነገር ግን እሱ ካዳናቸው ኳሶች ብዛት የተነሣ የሰደበው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

እስከ 1964 ድረስ ለማንችስተር ሲቲ 545 ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝና በጀርመን ትናንሽ ቡድኖችን ቢመራም ብዙ የሚወራለት አይደለም። ከ1972 እስከ 1988 ግን ከምዕራብ ጀርመን እየተላከ በበርማ፣ በታንዛኒያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታንና በሰሜን የመን አሠልጣኝ ሆነ። በነዚያ አገሮች ዌምብሌይን የሚያህል ሜዳም ሆነ ስሙን የሚያገን ጋዜጣ አልጠበቀውም። ለ17 ደቂቃ ሕመምን መቻል የጎልማሳ ጉልበት ነው፤ 16 ዓመት ሙሉ በሰው አገር፣ ቋንቋውን ለማያውቁ ልጆች ኳስ አያያዝ እያሳዩ መኖር ግን ለኔ ይበልጥብኛል። ባዕድ ሆኖ መግባት ምን እንደሚመስል ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አሠልጣኝ መቼም አይገኝም ነበር።

በ2004 ከንግሥት ኤልሣቤጥ የተቀበለው ኒሻን ስለ ዋንጫው አልነበረም፤ የእንግሊዝንና የጀርመንን ሕዝብ በኳስ ስላቀራረበ ነው። በ2013 በስፔን አገር በ89 ዓመቱ ሞተ።