ምን ታደርጋለህ?

የካቲት ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ የሚወጣበት ወር አይደለም። ሐይቆቹ በረዷቸው ከመወፈሩ የተነሳ መኪና ይነዳባቸዋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ግን ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ የአካባቢው ሰዎች፣ ብርዱ ሳይወጣ ተሰባስበው ቅዳሜና እሑዳቸውን የሚያሳልፉበት ዓመታዊ ጉባኤ ነው።

እኔ የሄድኩት ልጄን ላደርስ ነው። በትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ከጓደኞቿ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መጫወት ከጀመረች ወዲህ የቤታችን ወሬ ሁሉ ስለ ዋሻና ስለ ዘንዶ ሆኗል። ዕድሜዋ ገና ስለሆነ ወላጅ አብሯት መዋል ነበረበት። ከሌሊት ሥራዬ በቀጥታ ስለመጣሁ፣ እሷ ስትጫወት አንድ ጥግ ቡናዬን ይዤ ላሸልብ አስቤ ነበር። ምዝገባው ላይ የነበሩት ሴትዮ ግን በአንገት የሚንጠለጠለውን ባጅ ለእኔም ጻፉልኝና፣ "እርስዎስ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ነዎት?" ብለው ጠየቁኝ። ልጄ የተመዘገበችበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ወንበር ክፍት ነበር። ወደ ልጄ ዞርኩ። አልገፋፋችኝም፤ አልከለከለችኝምም። ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ክብ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት፣ ሠርግ የሚደገስበት ዓይነት ሰፊ ክፍል ነው። በየጠረጴዛው አምስት ስድስት ሰው ከብቦ ተቀምጧል። የሚበዙት ወጣቶች ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሹራብ እየሠሩ ተራቸውን የሚጠብቁ አያት፣ ከነዩኒፎርሙ የመጣ የፖስታ ሠራተኛ፣ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ አዛውንት አየሁ። እያንዳንዱ ጨዋታ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲያልቅ ሁሉም ተነስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ፣ ወደ ሌሎች የማያውቃቸው ሰዎች ይሄዳል።

የእኛ ጨዋታ መሪ በሙያዋ ነርስ የሆነች ሴት ነበረች። ቀድማ ያዘጋጀቻቸውን የገጸ ባሕርይ ወረቀቶች ዘረጋችልን። በየወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ሰው የመሳብ ችሎታ በቁጥር ተጽፏል። ሌሎቹ ጎራዴኛውን፣ አስማተኛዋን፣ ቀስተኛዋን አነሱ፤ ለእኔ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ደረሰኝ። ሕጉን በአጭሩ ነገረችኝ። እሷ የምናየውንና የምንሰማውን ትተርካለች፤ እኛ ደግሞ ገጸ ባሕርያችን የሚያደርገውን እንናገራለን። ይሳካ አይሳካ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ተደምሮበት እሷ ካስቀመጠችው ልክ ከደረሰ ይሳካል። የሚያሸንፍና የሚሸነፍ ተጫዋች የለም። ወይ አብረን እንወጣዋለን፣ ወይ አብረን እንወድቃለን።

መንገዳችን አንድ ድልድይ ላይ አደረሰን፤ ድልድዩን ደግሞ ግዙፍ ጭራቅ ይጠብቀዋል። በግራዬ የተቀመጠው የከባድ መኪና ሾፌር ጎራዴውን መዘዘ። አስማተኛዋም እሳቷን አዘጋጀች። መሪዋ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ "ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ አይሰማም። እዚያ ቁም፣ ይህን ፈርም፣ ያንን አንሳ፣ ነገ ተመለስ ይባላል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፤ አሳቤን ግን ቶሎ አያወጣልኝም። ሐኪም ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት ስሄድ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐኪሙ እኔን ሲጠይቀኝ የሚያየው እሷን ነው። ያን ቀንም ዝም ስል ልማዷ ሆኖ ጎንበስ አለችና ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። መሪዋ በፈገግታ እጇን ከፍ አድርጋ፣ "ጊዜ አለን፣ እንጠብቀዋለን" አለች። ጠረጴዛው በሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ሾፌሩ ጎራዴውን እንደያዘ ነው፤ ግን አልቸኮለም።

ያደግኩት ጎጃም፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ነጋዴ አጎቴ መሻገሪያ ላይ ከቆመ ሰው ጋር ሰላምታ ሳይጨርስ ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ ጀልባ ቀዛፊዬ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ጭራቁ ተጠጋ። "እንደምን ዋሉ?" አልኩ በዝግታ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዬ። "ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰብ ደኅና ነው? ወንዙ ዘንድሮ አላስቸገረዎትም? ብቻዎን ነው የሚጠብቁት? የሚተካዎት ሰው የለም?" መሪዋ ዳይሱን ወደ እኔ ገፋችው። ልኩ 15 ነበር። 14 ወጣ። በወረቀቴ ላይ ለአንደበት የተሰጠኝ 1 ነበርና ሞላ። ጠረጴዛው በጩኸት ተናወጠ። ጭራቁም በመሪዋ አፍ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ፤ ደኅንነቱን የጠየቀው አልፎ ሂያጅ እስከዛሬ እንዳልነበረ፣ ማዶ ያለውን ወንድሙን ለብዙ ዘመን እንዳላየው ነገረን። መልእክቱን ለማድረስ ቃል ገብተን ተሻገርን።

የማላውቀው ሰው እንዴት እንደሚቀርብ ያየሁት ግን ከድልድዩ በኋላ ነው። ማዶ በገባንበት ዋሻ ውስጥ ሽማግሌዬ ቆስሎ ወደቀ። በዚህ ጨዋታ የወደቀ ሰው ተራው በደረሰ ቁጥር ለነፍሱ ዳይስ ይወረውራል፤ 10ና ከዚያ በላይ ከወጣ ለሕይወቱ ይቆጠርለታል፣ ካነሰ ለሞቱ፤ ሦስት ጊዜ ካነሰበት አበቃ። ሁለት ጊዜ አንሶብኛል። ያ ቅድም ጎራዴ የመዘዘው ሾፌር ራሱ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አንዲት ብልቃጥ መድኃኒት ብቻ ቀርታዋለች። "ለሽማግሌው አጠጣዋለሁ" አለ። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልተገናኘንም። በወረቀት ላይ ላለ ሰው እንኳ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አየሁበት፤ ያን ልብ በተራ ቀን፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመን ቢሆን ለማየት ዕድል አላገኝም ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ልጄ፣ "አባዬ፣ እንዲህ ታወራለህ እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ስታስተረጉምልኝ ያደገች ልጅ አባቷ በራሱ ቃል ሰው ሲያግባባ የሰማችው ያን ቀን ነው።

ምሳ ላይ ጢሙ የነጣ አንድ ሰው ሳንድዊቹን ይዞ አጠገባችን ተቀመጠ። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያውቀዋል። "የመጣችሁት ወደ ትውልድ ቦታው ነው" አለንና ታሪኩን አጫወተን። እ.ኤ.አ. በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት እዚሁ በሚኒያፖሊስ አካባቢ የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ቦታው በናፖሊዮን ዘመን ያለች፣ ብራውንስታይን የተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ ናት። እንደተለመደው ጦር ከማደል ይልቅ ለአንዱ የከንቲባነት፣ ለሌላው የባንክ ባለቤትነት፣ ለሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት ሚና ሰጠ። ተጫዋቾቹ የታሰበላቸውን ጦርነት ትተው ከተማዋ ውስጥ መዘዋወር፣ በየጥጉ መመሳጠር ጀመሩ፤ ሁለቱማ እንጋደል ተባባሉና ዌስሊ ሕጉን እዚያው መፍጠር ግድ ሆነበት። እሱ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ አዝኖ ወደ ቤቱ ሄደ። እነሱ ግን ድገምልን አሉት።

ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዴቭ አርነሰን ነበር። በ1971 ብላክሙር የተባለውን የራሱን ዓለም ፈጠረ፤ ከግንቡ ሥር ዋሻ አስቆፈረ፣ ተጫዋቾቹም ያንኑ ገጸ ባሕርይ ከሳምንት ሳምንት እያሳደጉ እንዲመላለሱ አደረገ። ይህን ይዞ ጎረቤት ግዛት ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ ወደሚኖረው ጋሪ ጋይጋክስ ሄደ። ሁለቱ አንድ ላይ ያዘጋጁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 መጀመሪያ ታትሞ ወጣ፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ይጫወቱታል።

ይህን ስሰማ የጠዋቱ ነገር ይበልጥ ገባኝ። ጨዋታው የተወለደው ሰዎች የታዘዙትን ትተው የፈለጉትን ሲያደርጉ፣ የሚመራቸውም ሰው ከመከልከል ይልቅ እሺ ብሎ ሲከተላቸው ነው። መሪዋ ድልድዩ ላይ ውጊያ አዘጋጅታ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ሰላምታዬን ሰምታ የተዘጋጀችበትን ሁሉ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስለጠፋ ሰው የሚመረምር የሚያስፈራ ጨዋታ ተጫወትን፤ ማታ ደግሞ በዳይስና በትናንሽ ምስሎች የተሞሉትን የሻጮች ጠረጴዛዎች ዞረን አየን። ልጄ እንደ ውኃ የጠራ ሰማያዊ ዳይስ መረጠች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ስናገር አንድ የማከብረው ወንድም ፊቱ ጨለመ። ዳይስ ካለ ቁማር አለ፣ ጭራቅና አስማት ካለም ሰይጣን አለ ብሎ ነው። ስጋቱን አልናቅሁትም፤ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ወላጅ እንዲሁ ፈርቶ ነበር። ግን ያየሁትን መሰከርኩለት። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ አልተያዘም። ተረታችንም ጅብና ጭራቅ ሞልቶበታል፤ በልጅነታችን የፈራነውም እነሱን እንዴት ማለፍ እንዳለብን እንድንማር ነው። "ና አንድ ቀን ተቀመጥና እይ" አልኩት።

መጥቶ አየ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት ክፍል፣ ከፊደል በኋላ አንድ ጠረጴዛ አለን፤ የምንጫወተውም በአማርኛ ነው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ፤ ልጄ ሕጉን ታሰላለች። አገሩ ተራራ፣ ገደልና የጠፋ ገዳም ያለበት ነው። ቤት ውስጥ ለወላጆቻቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆች ተራቸው ሲደርስ ቃል ያጥራቸዋል። የተጠየቀው ልጅ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ አጠገቡ ያለው ሊያቀብለው ይቸኩላል፤ እኔም እጄን ከፍ አድርጌ አስቆመዋለሁ። ከዚያ "ቀስ ብዬ... በሩን... እከፍታለሁ" ሲል ሁሉም ይጮኻል። ያ ወንድምም አጠገባቸው ተቀምጦ ጭራቁን ይሆንላቸዋል፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ልጆቹ ይወዱታል።

ልጆቻችን ቋንቋችንን አይናገሩም ብለን ብዙ አዝነናል። ማዘኑ ብቻውን አላናገራቸውም። የሚጠይቃቸውና መልሳቸው እስኪመጣ የሚታገሣቸው ሰው ሲያገኙ ግን፣ በተሰበረም ቃል ቢሆን ይናገራሉ። በየከተማው የምትኖሩ ወላጆች ይህን ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወረቀት፣ አንድ ዳይስና ሳይቸኩል የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ነው።