ጥላ ሲያጥር፣ ጥላ ሲረዝም

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ፀሐይ የምትሞቅ ናት። ጨቅላ ቅቤ ተቀብቶ ለማለዳ ብርሃን ይሰጣል፤ አዛውንት ከአጥር ጥግ ተቀምጠው እርጅናቸውን ያሞቁባታል። እህቴ ግን ከዚህ ማዕድ ሳትቋደስ አደገች። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደች ናትና፣ ቆዳን ከፀሐይ የሚጋርደው ሜላኒን የተሰኘ ቀለም በገላዋ እጅግ ጥቂት ነው። እርሷ ስምንት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሳለን፣ ለጥምቀት ጃንሜዳ ይዣት ሄድሁ። ባርኔጣ አላደረግሁላትም። ማታ ፊቷና ትከሻዋ ውኃ ቋጥሮ ስታቃስት አደረች። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የእህቴ ዘብ ሆንሁ፤ መጋረጃ ዘጊ፣ «ግቢ» ባይ።

ዕድሜ ገፋ፤ የባንክ ሠራተኛ ሆንሁ፤ ወደ ደቡብ ኦሞም ተዛወርሁ። ቱርሚ ስገባ ሐመርን የማውቀው በፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ብቻ ነበር። እህቴ ለእንቁጣጣሽ ልጠይቅህ ብትለኝ፣ «ይህ በረሃ ለአንቺ አይሆንም» አልኋት።

«ጋሼ፣ ፀሐይ እኮ አዲስ አበባም አለች» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ቆዳን የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ እርሱም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ያዘናጋናል እንጂ አይጋርደንም።

መጣች። ሰኞ ማለዳ ገበያ ወጣን። የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ለውሰው፣ አንዳንዶቹም የቅል ክፋይ እንደ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከግራር ጥላ ስር ተቀምጠዋል። አንዲት እናት የእህቴን እጅጌ ዳሰሱ፤ የራሳቸውን የሚያብረቀርቅ ትከሻ እያሳዩም አንድ ነገር ተናገሩ።

«ለምን አትቀባም? ነው የሚሉት» አለን አስተርጓሚያችን።

እህቴ ሳቀች። ከቦርሳዋ የፀሐይ መከላከያ ቅባቷን አውጥታ «እኔም ተቀብቻለሁ በላቸው» አለች። ሴትዮዋ ቅባቱን አሸተቱት፤ ተያይተው ሳቁ።

አፈሩን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው። ይኸው ማዕድን ዛሬ ቀለም ባላቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ይገባል፤ የናሚቢያ ሂምባዎችም ቀይ አፈርን ከቅቤ ጋር ለውሰው ገላቸውን ይቀባሉ። ለእህቴ ቆዳ ግን አፈርና ቅቤ አይበቃም። ቅባቷ ባለ 50 ቁጥር ነው፤ በየ2 ሰዓቱ ትደግመዋለች። ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽርም አይለይዋትም።

ቱርሚ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዘመን መለወጫ ሰሞን ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ የሰው ጥላም ከእግሩ ስር ይጠፋል። የእህቴ ሰዓት ይኸው ጥላዋ ነው፤ ከቁመቷ ሲያጥር ትገባለች፣ ሲረዝም ትወጣለች።

ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ከስኬ ወንዝ ወረድን። ውኃው ደርቆ አሸዋው ብቻ ተንጣሏል። እህቴ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ወደ ምዕራብ መለሰች። እኔ እንደ ልማዴ ጃንጥላ ዘረጋሁላት።

«ጋሼ፣ ጥላዬን እየው እስቲ» አለችኝ።

አየሁት። አሸዋው ላይ ረዝሞ ተኝቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከፀሐይ ስጠብቃት፣ ፀሐይንም ከእርሷ ስከለክል መኖሬን ያን ጊዜ አወቅሁ። ጃንጥላውን አጠፍሁና ከጎኗ ተቀመጥሁ። ሁለታችንም አልተናገርንም፤ ይህኛው ዝምታ ግን የእናቴን ዝምታ አይመስልም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ በእርሷ አንደበት ይህችን ጻፍሁ፦

ጥላዬ በቀትር ከእግሬ ስር ቢደበቅ፣
እገባለሁ እኔም እስኪወጣ ልጠብቅ፤
ሲያመሻሽ ረዝሞ ከፊቴ ሲራመድ፣
እከተለዋለሁ በሄደበት መንገድ።