እየሮጡ መነሣት

እናቴ ከፈረመቻቸው ወረቀቶች ሁሉ አንዱን ያስፈረምኋት አታልዬ ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። ነገር ግን ዝም ብል ታናሽ እኅቴም፣ ከኋላችን የሚመጡትም ልጆች በዚያው ጉድጓድ ይገባሉና፣ መቼም ይሁን፣ ልናገረው።

ከደሴ ተነሥተን ሲያትል የገባነው እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ነበርና አሥረኛ አስገቡኝ። እናቴ አውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ ጧት በጨለማ ወጥታ ማታ በጨለማ ትገባለች። ታዲያ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ «እዚህ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ? ራኒንግ ስታርት ግባ እንጂ!» አለኝ።

ስሙ በእኛ ቋንቋ «እየሮጡ መነሣት» እንደ ማለት ነው። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ሕግ የተቋቋመ ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኮሌጅ ሄዶ ይማራል፤ የትምህርቱንም ዋጋ አይጠየቅም። መጽሐፉ፣ መጓጓዣውና አንዳንድ ጥቃቅን ክፍያ ግን የራሱ ዕዳ ነው። የኮሌጁ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ በሁለተኛ ደረጃው መዝገብ እንደ 1 ክሬዲት ይቆጠራል። ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 24 ያስፈልጋል፤ የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ዲግሪ ለማግኘት ደግሞ 90። እንግዲህ የበረታ ልጅ በ18 ዓመቱ ሁለቱንም ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ክሬዲት ስደምር አደርሁ።

የምዝገባው ቅጽ የተማሪውንና የትምህርት ቤቱን ፊርማ ይጠይቃል፤ ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ የወላጅም ይጨመራል። የትምህርት ቤታችን አማካሪ ከመፈረሟ በፊት፣ «እንግሊዝኛህ ገና ነው፤ ለመጀመሪያው በአንድ ኮርስ ብቻ ሞክረው» ብላ መክራኝ ነበር። እኔ ግን ሦስት ኮርስ ሞላሁ። ማታ እናቴ ስትገባ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«እማዬ፣ ኮሌጅ ልገባ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

«ገና አሥራ ሁለተኛ ሳትጨርስ?»

«እዚህ አገር እንዲህ ነው።»

እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ፣ ስሟን በአማርኛ ፊደል ጻፈችልኝ። አማካሪዋ ስላለችው ነገር አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። በማግሥቱ እሑድ የማኅበሯ ሴቶች ሁሉ «ልጄ ኮሌጅ ገባ» ሲባሉ ሰሙ። ምርቃቱ እንደ ዝናብ ወረደብኝ።

ትምህርቱ በመስከረም መጨረሻ ጀመረ። የኮሌጁ አንድ ወቅት ከአሥራ አንድ ሳምንት እምብዛም አይበልጥም። እኔ ገና ክፍሎቹን ሳፈላልግ የመጀመሪያው ድርሰት ማስረከቢያ ቀን አለፈ። ሌላም ስሕተት ነበረብኝ። እኛ አገር የተማሪ ዕጣ የሚወሰነው መጨረሻ ላይ በሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በኔ ጭንቅላት ትልቁ ቀን ሁልጊዜ ወደፊት ነው፤ የዛሬዋ ጥያቄና የዛሬዋ ድርሰት ልምምድ ናቸው። እዚህ ግን እያንዳንዷ ሳምንት ፈተና ኖራለች! በታኅሣሥ ሁለቱን ኮርሶች እንደ ምንም አለፍሁ፤ በእንግሊዝኛ ድርሰት ወደቅሁ።

ኮሌጅ ደግሞ ውጤትህን ያለ ፈቃድህ ለወላጅህ አይናገርም። ወደ ቤት የሚመጣ ካርድ የለም። እናቴ «እንዴት ነው ትምህርቱ?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» እያልሁ ሁለት ወር ሙሉ እንጀራዋን በላሁ። ምን ልበላችሁ፣ ያ እንጀራ አይወርድም ነበር።

ኋላ አማካሪዋ ጠርታ አስረዳችኝ። የወደቅሁበት ኮርስ ከሁለት በኩል ቆርጦኛል። የሁለተኛ ደረጃውን የእንግሊዝኛ ክሬዲት አላገኘሁም፤ ካልተካሁት መመረቄ ያሠጋል። በኮሌጁ መዝገብ ላይም ውጤቱ ለዘለቄታው ተጽፏል፤ ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ሳመለክት ይታያል፤ የትምህርት ገንዘብ ርዳታ ስጠይቅም ሊታሰብብኝ ይችላል።

በዚያ ማታ እናቴ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣ ሳለ ሁሉንም ነገርኋት። አማካሪዋ የመከረችኝንም ጭምር። ብዙ ዝም አለች።

«መውደቅህስ ይሁን፣ ሰው ይወድቃል» አለች በመጨረሻ። «እኔን ግን የማላውቀው ነገር ላይ አስፈረምኸኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም እኮ ነው።»

ቆይታ ደግሞ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እንግዲህ ልቀመዋ! አብሽር» አለችኝ።

ለቀምሁ። በቀጣዩ ወቅት አንድ ኮርስ ብቻ ይዤ፣ የቀረውን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃው ክፍል ተምሬ፣ ያንኑ ድርሰት ደግሜ አለፍሁት። ያሳፍረኝ የነበረው ቋንቋዬም ደረሰልኝ። በዚህ ክፍለ ግዛት ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ችሎታ ተፈትኖ እስከ 4 የሚደርስ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል። በአማርኛ አንብቤ፣ ጽፌ፣ ተናግሬ ክሬዲቴን ወሰድሁ። የእንግሊዝኛውን ቦታ ባይተካም ወደ 24ቱ አቃረበኝ። ጦሳ ሥር የቆጠርሁት ፊደል ሲያትል ላይ ይቆጠርልኛል ብሎ ማን ያስባል?

መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነም ያወቅሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ሳይወጡ እዚያው የኮሌጅ ኮርስ የሚማሩበት ፕሮግራም አለ፤ በመንግሥት ኮሌጆች በኩል የሚሰጠው ከ2023ቱ ሕግ ወዲህ ክፍያው ተነሥቷል። ኤፒ የሚባለው በግንቦት ይፈተኑታል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆች ለ3ና ከዚያ በላይ ክሬዲት ይሰጣሉ። ክሌፕ ደግሞ በራስህ አጥንተህ የምትፈተነው ነው፤ ከ80 50 ካመጣህ ብዙ ኮሌጆች ይቀበሉሃል። ዕድሜው የገፋ አንድ ጓደኛዬ ጂኢዲን መረጠ፤ አራት ፈተና፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 145 ነጥብ። ዛሬ ኮሌጅ ነው። ማናችንንም ሰው አስቀምጦ አላስረዳንም፤ ሁላችንም ከሰፈር ወሬ ለቃቅመን ነው የደረስንበት።

ባለፈው ሳምንት እኅቴ ያንኑ ቅጽ ይዛ መጣች። እሷም መሮጥ ፈልጋለች። እናቴ ብዕሩን አነሣችና ወደኔ ገፋችው።

«አንብብልኝ» አለች። «ሁሉንም። ጥቃቅኑንም።»

መስመር በመስመር ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላት። ውጤቱ ለዘለቄታው ይጻፋል ወደሚለው ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝና ወደ እኅቴ ዞረች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ስንት ኮርስ ነው የሞላሽው?»

«አንድ።»

ያን ጊዜ እጇን ታጥባ መጣችና ፈረመች።